ኮሮላዋ እዚያው ቦታ ላይ ለምን ትቆርጣለች? የትሮትል ሴንሰር ፍተሻ ማስታወሻ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሕመሙ

መኪናዋ የ1994 ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ነው። ማርሿ በእጅ ነው።

ሕመሟ እንዲህ ነው። በሦስተኛ ማርሽ በ40 ገደማ እየሄድኩ ነዳጅ በስሱ ስሰጣት ሞተሩ አንዴ ቆረጥ ያደርግና ይመለሳል። ጠበቅ አድርጌ ከረገጥኩ ምንም የለም፣ ትፈተለካለች። እግሬን ሙሉ በሙሉ ካነሳሁም ሰላም ነው። የሚያናድደው ያ መሀል ላይ ያለው ነው። የከተማ መንዳት ደግሞ ሙሉ ቀን እሱ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራ ነገር የለም። ቼክ ኢንጂን ቁልፍ ሲከፈት ይበራል፣ ሞተር ሲነሳ ይጠፋል፣ በቃ።

እስካሁን ያልተቀየረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ካንዴላ ተቀይሯል። የካንዴላ ገመድ ተቀይሯል። ፊልትሮ ተቀይሯል። ኢንጀክተር ታጥቧል። አንድ ጋራዥ ደግሞ የነዳጅ ፓምፑን እንቀይረው ብሎኝ ነበር። እሱን አልተቀበልኩም። ፓምፕ ሲደክም መኪና የሚያሳፍረው ዳገት ላይ፣ ሙሉ ነዳጅ ሲጠየቅ ነው። የእኔዋ ግን ሙሉ ስትጠየቅ ደስተኛ ናት።

ዛሬ ቀለበት መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለማየት ወጣሁ። ችግሩ ፍጥነትን ይከተላል ወይስ የእግሬን ቦታ? በሁለተኛም፣ በሦስተኛም፣ በአራተኛም ሞከርኩት። ፍጥነቱ ይለያያል፣ የሞተሩ ዙርም ይለያያል። ፔዳሉ ግን ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው። እግሬ እዚያች ከፍታ ላይ ሲደርስ ትቆርጣለች። ካንዴላ የእግሬን ቦታ አያውቅም። ኢንጀክተርም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ዕቃ ነው፣ ትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍተውና የሚዘጋው ዕቃ) ጎን ላይ የታሰረው ፖዚሽን ሴንሰር።

እሑድ ጠዋት፣ ኮድ ማንበብ

በዚህ ዘመን የተሠሩ ቶዮታዎችን ለማንበብ ስካነር አያስፈልግም። ኮፈኑ ሥር ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለች፣ ክዳኗ ላይ ዲያግኖሲስ ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፎባታል። ክዳኗን ስትገለብጡት የቀዳዳዎቹ ስም ውስጡ አለ። ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን በወረቀት ክሊፕ ማገናኘት ነው። እዚያው ሳጥን ውስጥ ፖዘቲቭ ኃይል ያለበት ቀዳዳም ስላለ ዓይናችሁን ከፍታችሁ ሥሩ። ክሊፑን በስህተት እዚያ የሰካ ሰው ፊውዝ ፍለጋ ይገባል።

ከማንበብ በፊት ባትሪው ከ11 ቮልት በላይ መሆን አለበት። ማርሽ ዜሮ ላይ፣ ኤሲና መብራት የጠፉ፣ እግር ከፔዳሉ የተነሳ። ቁልፉ ይከፈታል፣ ሞተር አይነሳም። ከዚያ ቼክ ኢንጂኑን ማየት ነው። ምንም ኮድ ከሌለ ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ይርገበገባል። ኮድ ካለ እየቆጠረ ይናገራል።

የእኔው አራት ጊዜ ብልጭ አለ። ትንሽ ቆመ። አንድ ጊዜ ብልጭ አለ። ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሞ እንደገና ጀመረ። 41።

41 የትሮትል ፖዚሽን ሴንሰር ምልክት ነው። መብራቱ ዳሽቦርድ ላይ አንድም ቀን ሳይበራ ኮዱ የሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አንድ ሰው በወረቀት ክሊፕ ቢጠይቃት ኖሮ ካንዴላውም ፊልትሮውም ባልተገዛ።

ቢሆንም 41 ማለት «ሴንሰሩን ቀይር» ማለት አይደለም። «በዚህ መስመር የመጣልኝ ምልክት አላሳመነኝም» ነው የሚለው። መስመሩ ውስጥ ሴንሰሩ አለ፣ ሶኬቱ አለ፣ ሽቦው አለ፣ ኮምፒውተሩ ራሱም አለ። ሮጦ ወደ መርካቶ የሚሄድ ሰው ከአራቱ አንዱን በግምት መረጠ ማለት ነው።

ኮዱን ለማጥፋት ኢኤፍአይ የሚለውን ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ነቅዬ ከአሥር ሰከንድ በላይ ጠበቅኩ። መልሼ ሰክቼ ሰፈር ውስጥ ዞርኩ። ሁለት ሦስቴ ቆረጠችልኝ። ተመልሼ አነበብኩ፣ 41 ተመልሷል። ጥሩ፣ የድሮ ታሪክ አይደለም ማለት ነው።

እሑድ ከሰዓት፣ ሽቦዎቹ

ስለ ሴንሰሩ ትንሽ ልበል፣ ያለዚያ ቁጥሮቹ ትርጉም አይሰጡም። ነዳጅ ስንሰጥ ትሮትል ቦዲው ውስጥ ያለችው ክንፍ ትከፈታለች። የክንፏ ዘንግ ሌላው ጫፍ ላይ ሴንሰሩ አለ። ውስጡ ጥቁር የካርቦን መንገድ አለ፣ በላዩ ላይ ትንሽ የብረት ጣት ትንሸራተታለች። ኮምፒውተሩ በአንዱ ጫፍ 5 ቮልት ይሰጣል፣ ሌላው ጫፍ ኔጋቲቭ ነው። ጣቷ የቆመችበት ቦታ ያለው ቮልት ተመልሶ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል።

የእኔው ባለ አራት ሽቦ ነው። ቪሲ 5 ቮልቱ ነው። ቪቲኤ ምልክቱ ነው። ኢ2 ኔጋቲቩ ነው። አራተኛው አይዲኤል ይባላል፣ ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ክንፏ ስትዘጋ ይገናኛል፣ ስትከፈት ይለያያል። ኮምፒውተሩ «እግሩን አንስቷል» ብሎ የሚያውቀው በእሱ ነው። ይህን አራተኛ ሽቦ ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ይህ ሞተር ጭነቱን (ምን ያህል እየሠራ መሆኑን) በዋናነት የሚያውቀው ከማኒፎልዱ፣ ማለትም አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚገባበት ቧንቧ፣ የግፊት ሴንሰር ነው። ለዚህ ነው የትሮትል ሴንሰሩ ቢታመምም መኪናዋ የማትቆመው። የትሮትል ሴንሰሩ ዋና ሥራ ድንገተኛ ለውጥን መናገር ነው። እግር ሲጫን ለቅጽበት ነዳጅ እንዲጨመር፣ ሲነሳ እንዲቀነስ። እንግዲህ ምልክቱ ለቅጽበት ወደ ዜሮ ቢወድቅ ኮምፒውተሩ ምን ይመስለዋል? እግሩን አንስቶ ወዲያው መልሶ የረገጠ። የዚያ መልስ ነው ወንበሩ ላይ የሚያወዛውዘኝ።

ልኬቱን ሶኬቱ ሳይነቀል፣ ከኋላ በኩል በስፌት መርፌ ገብቼ ነው የወሰድኩት። የሽቦውን ፕላስቲክ መብሳት ይቀላል፣ ግን ክረምት ሲመጣ በዚያች ቀዳዳ ውሃ ይገባና ሽቦው ውስጥ ውስጡን አረንጓዴ ይሆናል።

ቁልፍ ተከፍቶ ከቪሲ እስከ ኢ2 5.02 ቮልት። ድንቅ። ከዚያ ቀይዋን የቴስተር ዘንግ ኢ2 ላይ፣ ጥቁሯን ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ምናምን፣ ከ0.1 ቮልት በጣም ያነሰ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ኢ2ን የውሃ ሙቀት ሴንሰሩም የአየር ሙቀት ሴንሰሩም ይጋሩታል። እሱ ቢበላሽ ሁሉም አብረው ይዋሻሉ፣ ጥፋቱ ግን የትሮትል ሴንሰሩ ላይ ይለጠፋል።

ሽቦውን ከሶኬቱ ጀምሮ እስከ ባትሪው አጠገብ ድረስ እያጠፍኩ፣ እየጎተትኩ፣ እየነቀነቅኩ ቴስተሩን አየሁ። አይነቃነቅም። ሶኬቱን ነቅዬ ውስጡን በእጅ ባትሪ አብርቼ አየሁት፣ ዝገት የለም፣ የላላ ፒን የለም። ሽቦዎቹን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አወጣኋቸው።

እሑድ ማታ፣ ዲጂታሉ

ቪቲኤ ላይ ዲጂታል ቴስተር አድርጌ የትሮትል ምላሱን (የነዳጅ ሽቦ ገመዱ የሚስበውን ብረት) በእጄ ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ሲዘጋ 0.6። እየጨመረ፣ እየጨመረ፣ ሙሉ ሲከፈት 4.1። የጥገና መጽሐፉ ሲዘጋ ከ1 ቮልት በታች፣ ሙሉ ሲከፈት ከ3.2 በላይ ይፈልጋል። ሁለቱም ልክ ነው። መሀሉም ለስላሳ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሴንሰር «ጤነኛ ነው» ተብሎ ነፃ የሚወጣው።

ተራ ዲጂታል ቴስተር ቁጥሩን የሚያድሰው በሰከንድ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው። ጣቷ የተበላውን ቦታ የምታልፈው ግን ዓይን ከመርገብገብ ባነሰ ጊዜ ነው። ኮምፒውተሩ ያየዋል፣ ቴስተሩ አያየውም። ኦሲሎስኮፕ (የቮልቱን መለዋወጥ በስክሪን ላይ የሚስል መሣሪያ) ያለው ሰው ወዲያው ያየዋል። እኔ የለኝም። ዝቅተኛውን ንባብ መዝግቦ የሚይዝ ፈጣን ቴስተርም የለኝም።

ሰኞ ከሥራ በኋላ፣ ባለ መርፌው

ጎረቤቴ ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ቤታቸው አሁንም ባለ መርፌ ሳንዋ ቴስተር አለ።

«ጋሼ፣ ያቺን ባለ መርፌ ቴስተር ያውሱኛል?»

«ለሬዲዮ ነው?»

«ለመኪና ነው።»

ምን እንደምለካ ነገርኳቸው። ሳቁ። «እሱማ የቮልዩም ቁልፍ ነው፣ ልጄ። ሲያረጅ ስታዞረው ክርርር እንደሚለው። ቀስ ብለህ አዙር፣ አንተ ቁጥር አታንብብ፣ መርፌዋ ራሷ ትነግርሃለች።»

10 ቮልት ዲሲ ላይ አደረግኩት። ቁልፍ ተከፈተ። ጥቁሯ ኢ2 ላይ፣ ቀይዋ ቪቲኤ ላይ። ሞተሩ ገና ከመንገድ ስለገባ ሙቅ ነው፣ ይህን ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት። የትሮትል ምላሱን በአውራ ጣቴ እየገፋሁ መርፌዋን ብቻ አያለሁ። ከ0.6 ተነሳች። ቀስ እያለች ወጣች። 1 ቮልትን እንዳለፈች፣ በ1 እና በ1.5 መካከል፣ ድንገት ወደ ግራ ተወረወረችና ተመለሰች። ምላሱን ትንሽ ወደኋላ መለስኩ። እንደገና ተወረወረች። እዚያችው ቦታ ላይ ምላሱን በጥፍሬ ብቻ ወደፊትና ወደኋላ ሳነቃንቀው መርፌዋ ትንቀጠቀጣለች፣ መቆሚያ አጣች። ከዚያ በላይ ያለው መንገድ ሁሉ እስከ 4.1 ድረስ ጸጥ ያለ ነው።

ምላሱ የቆመበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ አንድ ሰው መኪና ውስጥ አስቀምጬ ፔዳሉን እያስረገጥኩ አየሁ። ጠመኔው ላይ ሲደርስ «አቁም!» አልኩት። ፔዳሉ የቆመባት ከፍታ ቅዳሜ ዕለት የቆረጠችባት ናት።

ለማረጋገጥ አንድ ነገር ጨመርኩ። የሴንሰሩን ሶኬት ነቅዬ ትንሽ ነዳሁ። ኮምፒውተሩ ምልክቱን ሲያጣ ክንፏ እንደተዘጋች ቆጥሮ በግፊት ሴንሰሩ ይተዳደራል። መኪናዋ ደነዘዘች፣ ስትረገጥ ትዘገያለች። ግን አልቆረጠችም። አንድም ጊዜ። ይህን ሙከራ ሽቦ ገመድ በሚከፍተው የድሮ ትሮትል ላይ ብቻ አድርጉት። ትሮትሉ በሞተር የሚከፈት አዲስ መኪና ላይ ሶኬት ነቅሎ መንዳት ሌላ ጣጣ ነው፣ መኪናው ኃይሉን ቆርጦ መሀል መንገድ ላይ ያስቀምጣችኋል።

ረቡዕ፣ ሶማሌ ተራ

አዲሱ ኦሪጅናል ለዚህች መኪና ዋጋው አይገፋም። ስሙ የማይታወቅ አዲስ ደግሞ አለ፣ ዋጋው ቀላል ነው፣ ሳጥኑ ያምራል። እኔ ያገለገለ ኦሪጅናል መረጥኩ። ግን የምገዛው በቴስተር ነው አልኩ።

የቶዮታ ትሮትል ሴንሰር ቁጥር በ89452 ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያሉት አሃዞች ናቸው ልዩነቱን የሚያመጡት። ሁለት ሴንሰሮች በመልክ አንድ ሆነው አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ የሚዞር ሊሆን ይችላል። ሶኬቱ ይገባል፣ ቪቴዎቹ ይገጥማሉ፣ ምልክቱ ግን ተገልብጦ ይወጣል። ስለዚህ አሮጌውን ፈትቶ ይዞ መሄድ ነው።

«ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው፣ ከነሞተሩ የወረደ» አለኝ ሻጩ። አላጠራጠረኝም፣ ኦሪጅናል ነው። ኦሪጅናል የሆነ አሮጌ ሴንሰር ግን የእኔም ነበር።

ሳንዋውን ኦም ላይ አድርጌ ባንኮኒው ላይ ለካሁ። የመጀመሪያው ልክ እንደ እኔው መጀመሪያ አካባቢ የሞተ ቦታ አለው። ሌላው መንገዱ ጥሩ ሆኖ አይዲኤሉ ምንም ቢዞር አይገናኝም። ሻጩ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፣ በኋላ ግን እሱም አጎንብሶ መርፌዋን ማየት ጀመረ። «እሱን ተወው፣ ይቺን ሞክር» እያለ ራሱ ያቀብለኝ ገባ። በመጨረሻ አንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መርፌዋን ሳያስደነግጥ አለፈ። አይዲኤሉም ይገናኛል፣ ይለያያል። ቀስ አድርጌ አዞርኩት፣ ፈጠን አድርጌ አዞርኩት፣ በጣቴ መታ መታ አድርጌ አዞርኩት። እሱን ገዛሁ።

ለመለካት የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን ሰጥቷችኋል፣ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ግቡ።

ማታ ቤት ሚስቴ የፀጉር ማድረቂያ ለምን እንደፈለግኩ ጠየቀችኝ። ሴንሰሩን አሙቄ እንደገና ለካሁት። ሲቀዘቅዝ ደህና፣ ሲሞቅ የሚያብድ ሴንሰር ብዙ ነው። ይህኛው ሞቆም ጨዋ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ መግጠም

ሴንሰሩን የያዙት ሁለት መስቀል ራስ ቪቴዎች ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጠዋቱን ያበላሻል። የጃፓን መስቀል ራስ ከተለመደው ካቻቪቴ ጋር ልክ አይደለም፣ ይንሸራተትና ራሱን ይበላዋል። ሥራዬ ብዬ የጃፓን ልክ የሆነ ካቻቪቴ ተውሼ ነበር። ደብሊውዲ-40 ነፍቼ ቡና ጠጥቼ ተመለስኩ። ካቻቪቴውን ቪቴው ላይ አስቀምጬ በመዶሻ ጫፉን ጠቅ ጠቅ ካደረግኩ በኋላ ሲዞር ክርክ ብሎ ለቀቀ።

ከመግጠሜ በፊት ትሮትል ቦዲውን አጸዳሁ። ክንፏ ዙሪያ የጠቆረ ቅባት አለ። መጥረጊያ ጨርቅ ላይ ነፍቼ ነው የጠረግኩት፣ በቀጥታ ዘንጉ ላይ አልነፋሁም። ለምን እንደሆነ ሴንሰሩን ስንከፍት ታያላችሁ።

ያኔ ነው ሌላ ጉድ ያየሁት። የትሮትል ምላሱ የሚያርፍባት ትንሽ ቪቴ አለች፣ ፋብሪካው ልኳን ሰጥቶ በቀለም የሚያሽጋት። ሥራዋ ክንፏ ቤቷን እንዳትነክስ መከልከል ብቻ ነው። የእኔዋ ቀለሟ ተሰብሯል። አንድ ሰው አዙሯታል፣ ትንሽም አይደለም።

ታሪኩ ግልጽ ነው። ሚኒሞ (እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) የሚቆጣጠረው ቫልቭ በጥቀርሻ ሲያዝ ሚኒሞው ይወርዳል። ቫልቩን ማጽዳት ሥራ ነው። ቪቴዋን ማዞር ደግሞ ግማሽ ደቂቃ ነው። ቪቴዋን አዞሯት፣ ሚኒሞው ተነሳ፣ ደንበኛው ሄደ። ግን ክንፏ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ተዘግታ አታውቅም። ክንፏ ካልተዘጋች አይዲኤል አይገናኝም። አይዲኤል ካልተገናኘ ኮምፒውተሩ እግሬን ማንሳቴን አያውቅም።

ይሄ አንድ የማይገባኝን ነገር ፈታልኝ። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ በማርሽ መያዝ ትታው ነበር። በሦስተኛ እግሬን አንስቼ ትገፋኛለች፣ ፍሬን በፍሬን ነው የምወርደው። ዕድሜ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ጤነኛ ሞተር ቁልቁለት ላይ እግር ሲነሳና ዙሩ ከፍ ሲል ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ይቆርጣል፣ ሞተሩ በባዶ ይጎተታል። የእኔው ነዳጅ እያጠጣ ነበር የሚወርደው።

የሚኒሞ ቫልቩን ፈትቼ አጠብኩ፣ የወጣው ጥቁር ውሃ ነው። ቪቴዋን ወደኋላ ለቀቅኳት፣ ክንፏ ሙሉ በሙሉ ተዘጋች። ከዚያ ቪቴዋ ምላሱን ገና ስትነካ፣ ክንፏ ቤቷን እንዳትነክስ ያህል ብቻ መለስኳት። የነዳጅ ሽቦ ገመዱም ትንሽ ላላ ማለቱን አየሁ። ተወጥሮ ከሆነ ይኼ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው።

አሁን ሴንሰሩ። የቪቴ ቀዳዳዎቹ ረዘም ያሉ ናቸው፣ ሴንሰሩ ግራ ቀኝ እንዲዞር። በዘፈቀደ አይታሰርም። ምላሱና ቪቴዋ መካከል ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበት ስስ ብረት) ይገባል፣ ቴስተሩ አይዲኤልና ኢ2 ላይ። በቀጭኑ መገናኘት፣ በወፍራሙ መለያየት አለበት። እኔ 0.35 እና 0.70 ሚሊሜትር ነው የተጠቀምኩት። ልኩ በሞተር ዓይነት ይለያያልና የራሳችሁን መጽሐፍ እዩ። ሴንሰሩን በፀጉር ስፋት እያዞሩ መፈለግ ነው፣ ቪቴውን ስታጠብቁት ደግሞ መልሶ ይንቀሳቀሳል። ጠበቅ፣ ለካ፣ ላላ፣ ነካ፣ ጠበቅ፣ ለካ። ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ላይ ነው «ይበቃል» የሚለው። አይበቃም። አይዲኤሉ ክንፏ በትንሹ ተከፍታም እንደተገናኘ ከቀረ ሌላ በሽታ ይመጣል። ኮምፒውተሩ እግር ተነስቷል ብሎ ዙሩ ከፍ ባለ ቁጥር ነዳጅ ይቆርጣል፣ ዙሩ ሲወርድ ይሰጣል፣ እንደገና ይቆርጣል። መኪናው በስስ ነዳጅ እንደ ፌንጣ ይዘላል።

ታሰረ። ቁልፍ ተከፍቶ ቪቲኤ ሲዘጋ 0.5፣ ሙሉ ሲከፈት 4.0። አይዲኤል ሲዘጋ ዜሮ፣ በትንሹ ሲከፈት 12 ገደማ። ሳንዋዋ ከታች እስከ ላይ ምንም አላለችም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ መንገድ ላይ

ኮዱን አጥፍቼ ሞተሩን አስነሳሁ። መጀመሪያ ሚኒሞው ትንሽ ተንገዳገደ፣ ሲሞቅ 750 አካባቢ ተረጋጋ።

ከመውጣቴ በፊት ኢግኒሽን ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት) አየሁ። በዚህ ሞተር ታይሚንግ የሚታየው ቲኢ1 እና ኢ1 ተገናኝተው ነው፣ 10 ዲግሪ መሆን አለበት። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ታይሚንጉን ለዚህ ልኬት ቆልፎ የሚይዘው አይዲኤል ከተገናኘ ብቻ ነው። አይዲኤሉ በማይሠራበት ጊዜ ታይሚንግ ያስተካከለልኝ ሰው የሚሸሽ ቁጥር እያየ ነው ያስተካከለው። ዲስትሪቢውተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ) 10 ላይ አልነበረም። መለስኩት።

ቀለበት መንገድ፣ ሦስተኛ ማርሽ፣ 40። በስሱ ሰጠኋት። አለፈች። ያቺን ቦታ ሆን ብዬ ደጋግሜ ፈለግኳት፣ እግሬን እያነሳሁ እየጫንኩ። የለችም።

እንጦጦ ወጥቼ ወረድኩ። በሦስተኛ እግሬን ሳነሳ ያዘችኝ። ሽሮ ሜዳ ድረስ ፍሬን የነካሁት ሚኒባስ ድንገት ፊቴ ሲቆም ብቻ ነው።

ቤት ስደርስ ኮድ አነበብኩ። ሳያቋርጥ፣ በእኩል ፍጥነት ይርገበገባል።

እሑድ፣ አሮጌውን መክፈት

ሴንሰሩ ክዳኑ ተጣብቆ ነው የሚመጣው፣ በብረት መጋዝ ነው የከፈትኩት። ውስጡ ጥቁሩ መንገድ በቅስት ተዘርግቷል። በመጀመሪያው አካባቢ፣ እግር ሲነሳ ጣቷ ከምትቆምበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የጣቷ መስመር አንጸባራቂና የተቦረቦረ ሆኗል። ሌላው ቦታ ያልተነካ ይመስላል። ለምን እዚያ ብቻ? የእኛ ከተማ መንገድ ፔዳሉን ከዚያ በላይ መቼ ያስከፍታል!

ቢሆንም የዕድሜ ብቻ አይመስለኝም። መንገዱ ላይና ጣቷ ሥር ቢጫ የደረቀ ዝልግልግ ነገር አለ። ትሮትል ቦዲ ሲታጠብ ማጽጃው በቀጥታ ሲነፋ በዘንጉ ጎን ሰርጎ ሴንሰሩ ውስጥ ይገባል። ቅባቱን ያጥባል፣ ቆሻሻውን እዚያ ያደርቃል። ከታጠበች በኋላ ነው ወይ መቁረጥ የጀመረችው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎ፣ ኢንጀክተሯ በታጠበ ሰሞን ነው። ያኔ ትሮትሉንም «በነፃ» አጥበውልኝ ነበር።

ትሮትላቸው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚከፈት መኪኖች ያላችሁ፣ ከዚህ ማስታወሻ የምትወስዱት ሽቦውን የመለካቱን ክፍል ነው። እነሱ ላይ ሴንሰሩ ሁለት ምልክት ይሰጣል፣ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያመሳክራል፣ ካልተስማሙ ፒ2135 ያወጣል። ፒ0122 ምልክቱ ከልክ በታች ወርዷል፣ ፒ0123 ከልክ በላይ ወጥቷል ማለት ነው፣ ሁለቱም ላይ መጀመሪያ ሽቦና ሶኬት እዩ። ቁልፍ ተከፍቶ ክንፏን በጣት መግፋት ግን አይሞከር። ትሮትሉ ውስጥ ያሉትን ጥርሶች ይሰብራል፣ ጣትንም ይይዛል።

ሳንዋውን ለጋሼ ስመልስ የተከፈተውን ሴንሰር ይዤላቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት። «በአልኮልና በእርሳስ ካርቦን ይድናል» አሉኝ። መንገድ ላይ አንድ ሰው የሚያጓጉዝ መኪና ላይ አልሞክረውም አልኳቸው። ለሬዲዮ ግን ሞክሩት ይላሉ።

የቀረኝ የነዳጅ ፍጆታውን መለካት ነው። ታንኩን ሞልቼ ኪሎሜትሩን ጽፌአለሁ። ቁልቁለት ላይ መቁረጥ ስለጀመረች ይቀንሳል ብዬ እጠብቃለሁ፣ ታንኩ ሲያልቅ ቁጥሩን እዚህ እጨምራለሁ።